የጋሽ ሰይድ የፊት ጎማ

ሁሉም ነገር የጀመረው በሐምሌ ወር በአንዱ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቱን እርግጠኛ ሆኜ የምናገረው የፓምፕ ጣቢያው ጡሩምባ ፈረቃ ሲያስቀይር ስለሰማሁ ነው። በመልካ ወረር የጥጥ እርሻ ካምፕ ላደግን ልጆች ሰዓታችን ያ ጡሩምባ ነበር። ሲነፋ አባቶቻችን ይወጣሉ፣ ሲነፋ ይገባሉ። የደጋ ዘመዶቻችን ጭቃና ብርድ በሚያማርሩበት ወር እኛ በጋለ ቆርቆሮ ስር ተኝተን ላባችንን እንጠርግ ነበር። አየሩ ናፍጣና በጥጡ ላይ የሚረጨውን መድኃኒት ይሸት ነበር። ያን ሽታ ያደገበት ሰው አይረሳውም፤ ዛሬም በሸተተኝ ቁጥር የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ እሆናለሁ።

እማዬ አክስቴ ስለወለደች አራስ ልትጠይቅ አዋሽ ሄዳ ነበር። ቤት ውስጥ የነበርነው እኔና አባባ ብቻ ነን። አባባ ከጠዋት ፈረቃ ገብቶ ገና እጁን ሳይታጠብ ጎረቤታችን ጋሽ ሰይድ የቢስክሌቱን የፊት ጎማ በትከሻው ተሸክሞ መጣ። ጎማው እንደ ደረቀ ቂጣ ተጣሞ ነበር።

«ምን ሆነብህ?» አለ አባባ፣ በእጁ እየዳሰሰው።

«ቦዩ ዳር አስተኝቼው ውሃ ልከፍት ወረድኩ። ስመለስ ግመል ቆማበታለች።»

«ግመሏስ ደህና ናት?»

«እሷማ አልሐምዱሊላህ፣ እኔን ነው በቁጣ ያየችኝ!» ብሎ ሳቀ። ወዲያው ግን ሳቁን ተወው። «ነገ ውሃ ተረኛ ነኝ። አራት ማሳ አለብኝ። በእግሬ አልደርስበትም።»

ጋሽ ሰይድ ከወሎ የመጣ፣ ረጅም፣ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ ሰው ነበር። ሥራው ከዋናው ቦይ ወደ ማሳዎቹ ውሃ መክፈትና መዝጋት ነው። አካፋውን በትከሻው፣ ቢስክሌቱን በቦዩ ዳር እየነዳ ሲያልፍ ሁላችንም ልጆች እየሮጥን እንከተለው ነበር። ሚስቱ እትዬ ዘሃራ ትባላለች። ሴት ልጃቸው ሐሊማ ደግሞ በዚያ ካምፕ ውስጥ የነበረችኝ አንዲት ጓደኛዬ ናት። እኔ ሰው ፊት መናገር የምፈራ ልጅ ነበርኩ፤ ሐሊማ የእኔንም ድርሻ ጨምራ ትናገርልኝ ነበር።

አባባ በወጣትነቱ አዋሽ ባቡር ጣቢያ፣ ከብረት ሠራተኞቹ ጋር ነበር የሠራው። የቢስክሌት ጎማ መሥራትን የተማረው እዚያ ነው። ዓይኑን ያጣው ግን እዚያው፣ በብየዳ እሳት ነው። «ያጣው» ስል በአንድ ቀን አይደለም፤ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየደበዘዘበት ነው። ይህንን የምናውቀው እማዬና እኔ ብቻ ነበርን። እንደ አባባ ያለ የፓምፕ ተቆጣጣሪ የግፊት መለኪያውን ማንበብ አለበት፤ ማንበብ የማይችል ይሰናበታል፤ የተሰናበተ ደግሞ የካምፑን ቤት ይለቃል። አባባ መለኪያውን የሚያውቀው በፓምፑ ድምፅ ነበር። እጁን ቱቦው ላይ ያደርግና ቁጥሩን ይናገራል። ተሳስቶ አያውቅም።

ጎማም እንደዚያው ነበር የሚሠራው። ከድሬዳዋ በባቡር የሚመጣ አዲስ ሽቦ ካለ በአዲስ ሽቦ፣ ከሌለ በአሮጌ። ሽቦ የምለው ከጎማው መሃል ካለው ሞዞ ተነሥተው እስከ ቸርኬው፣ እስከ ክቡ ብረት ድረስ የሚወጠሩትን ቀጫጭን ዘንጎች ነው። የዚያን ቀን አዲስ አልነበረንም። የጋሽ ሰይድ ሞዞ ደህና ነው፤ ቸርኬውና ሽቦዎቹ ግን በግመሏ እግር አልቀዋል። ከቤታችን ጓሮ ደግሞ ሞዞው የተሰነጠቀ፣ ቸርኬውና ሽቦው ግን ደህና የሆነ አሮጌ ጎማ ነበር። አባባ ከሁለቱ አንድ ሊያወጣ ወሰነ።

አሮጌ ሽቦ መልሶ ለመጠቀም አባባ የማይጥሰው አንድ ሕግ ነበረው። የሽቦዎቹ ግማሾቹ በሞዞው ጆሮ ላይ ከውስጥ በኩል፣ ግማሾቹ ከውጭ በኩል ነው የሚታጠፉት። ከውስጥ የነበረው ወደ ውስጥ፣ ከውጭ የነበረው ወደ ውጭ መመለስ አለበት። «ብረትም እንደ ሰው ይለምዳል» ይለኝ ነበር። «ዕድሜውን ሙሉ ወደ ቀኝ ያጎነበሰን አንገት ወደ ግራ ካጠፍሽው፣ ዛሬ እሺ ይልሻል፤ በሳምንቱ ይቆረጣል።» ስለዚህ ሲፈታ አንድ በአንድ ለእኔ ያቀብለኛል፤ የውጮቹን በቀይ ክር፣ የውስጦቹን በጥቁር ክር አስራለሁ። ከዚያ በላምባ አጥቤ፣ በብርጭቆ ወረቀት ዝገታቸውን አስለቅቃለሁ። አንዱን እስር ጨርሼ መልሼ ሳላስር ሌላውን መፍታት ክልክል ነበር።

ጋሽ ሰይድ ማታ እንደሚመለስ ነግሮን ሄደ። አባባም ፈትቶ ሲጨርስ እግሩን ሊያሳርፍ ጋደም አለ። እኔ ከበረንዳው ላይ ተቀምጬ ከቀዩ እስር ሦስት ወይም አራት ሽቦ አጥቤ ነበር፣ ሐሊማ በአጥሩ በኩል አንገቷን ስታስገባ።

«አንቺ! ትንሹ ቦይ ውሃ ተለቀቀበት! ልጆቹ በሙሉ እዚያ ናቸው!»

«ሥራ አለብኝ።»

«ምን ሥራ?»

«የአባትሽ ጎማ ነው።»

«ኤጭ! የአባቴ ጎማ የትም አይሄድ፣ ውሃው ግን ሊዘጋ ነው። ነይ እንጂ አንቺ የላምባ ሙሽራ፣ ሽታሽንም እናጥበዋለን!»

እውነቱን ለመናገር፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ልጆቹ አንድም ጊዜ ሳልለምናቸው ጠርተውኝ አያውቁም፤ ደስ አለኝ። ቀዩንም ጥቁሩንም ክር ፈታሁና ሠላሳ ስድስቱን ሽቦዎች በአንድ ሳህን ላምባ ውስጥ ነከርኳቸው። አንድ ላይ ካጠብኳቸው በግማሽ ጊዜ እጨርሳለሁ ብዬ ነው። አጣጠፋቸውን አይቼ እለያቸዋለሁም ብዬ ነበር።

ያ ከሰዓት እንዴት ያለ ከሰዓት ነበር! ውሃው ከአዋሽ እንደወጣ ቡናማ ነው፣ እስከ ወገባችን ይደርሳል፣ ከላይ ይሞቃል፣ ከታች ይቀዘቅዛል። ሐሊማ ቀሚሷን በአየር ሞልታ እንደ ፊኛ ተንሳፈፈችበት። እኔ ሳቅሁ፤ ድምፄን አውጥቼ ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ስቄ እንደሆነ አላስታውስም።

ስመለስ አባባ ተነሥቶ መዶሻውንና ፒንሳውን አዘጋጅቷል። ሽቦዎቹን አውጥቼ በጨርቅ ጠራረግሁ። አጣጠፋቸው ግን አንድ ዓይነት መሰለኝ። አንዱ ትንሽ ጎበጥ ያለ፣ አንዱ ትንሽ ቀና ያለ፤ እርግጠኛ የምሆንበት አሥር እንኳ አልሞላም። ልናገር አፌን ከፈትኩ። ነገር ግን ከተናገርኩ ሁሉም ሽቦ ሊጣል ነው፤ ጋሽ ሰይድም ነገ በእግሩ ሊሄድ ነው፤ አባባም ለምን ብሎ ሊጠይቀኝ ነው። አሥራ ስምንቱን በቀይ፣ አሥራ ስምንቱን በጥቁር ክር አሰርኳቸውና ሰጠሁት።

አባባ የቸርኬውን ቀዳዳ በጣቱ እየቆጠረ ማስገባት ጀመረ። መሃል ላይ አንዱን ሽቦ ይዞ ቆመ። በአውራ ጣቱ የሽቦውን ጉልበት፣ የሚታጠፍበትን ቦታ፣ ደጋግሞ ዳሰሰው።

«ይኼ ከቀዩ ነው?»

«አዎ አባባ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አዎ።»

አስገባው። ዳዶዎቹን አጠበቀ፣ ጎማውን በአሮጌ ቢስክሌት ሹካ ላይ ሰቅሎ አዞረው፣ ጠመኔ አስጠግቶ የሚነካበትን ቦታ አቃና፣ ከዚያ እያንዳንዱን ሽቦ በጥፍሩ እየነካ አዳመጠ። ሁሉም አንድ ዓይነት ድምፅ ሰጡ። ማታ ጋሽ ሰይድ መጥቶ ጎማውን አነሣና በአየር ላይ አሽከረከረው። «አቤት እጅ! አላህ ዕድሜህን ያርዝመው» አለው። አባባ እንደ ልጅ አፈረ።

ረቡዕ ዕለት አባባ ሥራ ላይ ሳለ ጋሽ ሰይድ በራችን ላይ ቢስክሌቱን አቁሞ ጠራኝ። ከፊት ጎማው አንድ ሽቦ ከጉልበቱ ተቆርጦ ነበር፤ እንዳይንቀጫቀጭ ከጎኑ ካለው ሽቦ ጋር ጠምዝዞታል። «ለአባትሽ አንዷ ሞተች በዪው» አለኝ። «ሠላሳ አምስት ወታደር ይበቃኛል፤ ግን ሲመቸው ይይልኝ።» እሺ አልኩት።

አልነገርኩትም። አባባ ያንን ጎማ ቢፈታና የተቆረጠበትን ቦታ ቢዳስስ ወዲያው ያውቅብኛል። ሐሙስ እነግረዋለሁ አልኩ፣ ዓርብ እነግረዋለሁ አልኩ። ጋሽ ሰይድም በመንገድ ሲያየኝ «ነገርሽው?» ይለኛል፤ እኔም አዎ ለማለት አንገቴን እነቀንቃለሁ፤ ሰው ሁሉ ዓይን አፋር መሆኔን ስለሚያውቅ ከዚያ በላይ አይጠይቀኝም።

ሰኞ ጠዋት ከቦዩ በኩል ጩኸት ተሰማ። የቦዩ ዳር መንገድ ወደ ትልቁ የውሃ በር ሲደርስ ቁልቁል ይወርዳል። ጋሽ ሰይድ ያንን ሲወርድ ሽቦዎቹ ተከታትለው ተቆረጡ፤ ከኋላው የነበሩ የጥጥ አራሚዎች እንደ ጥይት ተንጣጣ ብለው አወሩ። ጎማው ታጠፈ፤ እሱም ከነአካፋው በውሃው በር ሲሚንቶ ላይ ወደቀ። በቃሬዛ ሲያመጡት አየሁት። ያ ከሩቅ የሚሰማ ድምፅ ጠፍቶ፣ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅስ ነበር። የካምፑ ድሬሰር ዳሌውን ነካ አድርጎ እጁን መለሰ፤ «ይኼ የእኔ አይደለም፣ አዋሽ አድርሱትና በባቡር ወደ ሆስፒታል ይሂድ» አለ። ጥጥ በሚጭነው መኪና ላይ ፍራሽ አንጥፈው አስተኙት። እትዬ ዘሃራ አጠገቡ ተቀምጣ በነጠላዋ ዝንብ ትከላከልለት ነበር። ሐሊማ መኪናውን ይዛ ስትሮጥ አንድ ሰው አቅፎ መለሳት። እኔን አየችኝ። ወደ እኔ እንድትመጣ ፈለግሁ፣ እንዳትመጣም ፈለግሁ።

በዚያው ቀን ከሰዓት ወሬው ከጽሕፈት ቤት ወጣ። ጋሽ ሰይድ በራሱ ጥፋት ነው የወደቀው፤ በቁልቁለት ሲጋልብ ነው፤ ስለዚህ ከሥራ ይሰናበታል፤ ቤተሰቡ እስከ ወሩ መጨረሻ ቤቱን ይልቀቅ ተባለ። ጎማው ራሱ ተሰብሮ እንደጣለው ከታመነ ግን በሥራ ላይ እንደተጎዳ ይቆጠርለታል፣ እስኪድንም ቤቱ ይቆይለታል።

አባባ የተሰበረውን ጎማ አምጥቶ በበረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር። የተቆረጡትን ሽቦዎች ጫፍ አንድ በአንድ በጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ «ቀይና ጥቁሩን ክር ለይቶ ማየት አቅቶኛል ማለት ነው» አለ። «የውጩን ወደ ውስጥ አስገብቻለሁ። አንዱ ላይ እጄ ነግሮኝ ነበር፤ እጄን አላመንኩትም።»

በዚያ ደቂቃ ልናገር ይገባኝ ነበር።

«ደብተርሽን አምጪ» አለኝ። አባባ ስሙን መፈረም እንጂ መጻፍ አይችልም ነበር። እሱ እየተናገረ እኔ ጻፍኩ፦ «እኔ ስሜ ከዚህ በታች የተጻፈው፣ የሰይድን የፊት ጎማ የሠራሁት እኔ ነኝ። ዓይኔ ደክሟል። አሮጌ ሽቦዎቹን ስለቀላቀልኩ ጎማው ተሰብሯል። በሰይድ ላይ ምንም ጥፋት የለም።» «ዓይኔ ደክሟል» የሚለውን ሲናገር ድምፁ አልተለወጠም። እኔ ግን እስክሪብቶዬ ቆመ፤ ያ ቃል ምን እንደሚያስከፍለን አውቃለሁ።

«አባባ፣ እሱን ባንጽፈውስ?»

«ካልተጻፈ ለምን እንደቀላቀልኩ ይጠይቁኛል። ሰክሬ ነው ልበላቸው?» አለና ትንሽ ፈገግ አለ። «ጻፊ እንጂ የኔ ልጅ። ያ ሰው አምስት ቤተሰብ አለው።» ነገ ከፈረቃ ሲመለስ ፈርሞ ሊወስደው፣ ወረቀቱን ከሳጥኑ ላይ አስቀመጥነው።

የሆነውን ልናገር። የጋሽ ሰይድ ቤት ተረፈለት። እሱ ከስድስት ወር በኋላ በክራንች ተመለሰ፤ ውሃ መክፈት ግን አልቻለም፤ በለቀማው ማብቂያ ወደ ወሎ ሄዱ። እኛ ካምፑን ስንለቅ ሐሊማ አልተሰናበተችኝም፤ የአባቴ እጅ ነው አባቷን የሰበረው ብላ ታምን ነበርና አልፈርድባትም። እኛም በሁለተኛው ሳምንት ቤቱን ለቀን አዋሽ፣ ከባቡር ሐዲዱ ጀርባ ካለው ከአክስቴ ግቢ ገባን። እማዬ እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች በማቅረብ አስተማረችኝ። አባባ ከዚያ ቀን ወዲህ ጎማ ነክቶ አያውቅም። ሰዎች ያመጡለታል፤ «ዓይኔ አይረዳኝም» ይላቸዋል። ያ ሁሉ ሰው እንደሚያስበው ከዓይኑ የተነሣ አይደለም። በእጁ ላይ የነበረው እምነት ስለጠፋ ነው። ያንን የወሰድኩበት እኔ ነኝ።

ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። አዋሽ ስሄድ ሱቆቹ ውስጥ አዲስ ሽቦ በወረቀት ተጠቅልሎ ይሸጣል፤ አሮጌውን ማንም አያጥብም፣ ማንም በክር አያስርም። ያደግንበት ካምፕ ልጆች ስንገናኝ የቦዩን ዋና፣ የጥጡን ክምር፣ የጡሩምባውን ድምፅ እናነሣለን፤ ሁሉም «እንዴት ያለ ጊዜ ነበር!» ይላል። እኔም እንዴት ያለ ጊዜ ነበር እላለሁ። አባባ አሁን ጨርሶ አያይም። ስሄድ ጋዜጣ አነብለታለሁ። ይህንን ጽሑፍ ሊያነብለት የሚችለው ሰውም እኔው ብቻ ነኝ፤ እስካሁን አላነበብኩለትም።

ወረቀቱን በጻፍን በማግስቱ ጠዋት፣ አባባ በአሥራ ሁለት ሰዓት ጡሩምባ ከወጣ በኋላ፣ ከሳጥኑ ላይ ያለውን ወረቀት አንሥቼ ቀደድኩት። ሌላ ጻፍኩ። ሽቦዎቹን የቀላቀልኳቸው እኔ እንደሆንኩ፣ አባቴን እንዳታለልኩት እንጂ እሱ እንዳልተሳሳተ፣ ረቡዕ ዕለት ጋሽ ሰይድ የነገረኝን እንደደበቅሁ ጻፍኩ። ፀጉሬን አበጠርኩና ብቻዬን ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ። ጸሐፊው ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ ሰው ነው። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ማን አስጻፈሽ?»

«ማንም።»

«አባትሽ ነው የላከሽ?»

አይደለም ለማለት ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅሁ። ሰውዬው በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋና ድምፁን ቀነሰ።

«ስሚ የኔ እህት። አንቺ እውነት ትናገሪ ይሆናል። ይህንን ካስገባሁት ግን አለቆቼ 'ልጅ በቀላቀለችው ሽቦ ማን ንዳ አለህ' ብለው ሰይድን ያባርሩታል። አባትሽንም ልጁን ከፊት አድርጎ አመለጠ ይሉታል። ትልቅ ሰው በስሙ የፈረመበት ወረቀት ካላችሁ አምጡ። ይህንን እኔ አላየሁትም፤ አንቺም አልመጣሽም።»

ወረቀቱን አጥፎ እጄ ላይ አስቀመጠው። ብዙ ልለው የምፈልገው ነገር ነበር። «እሺ» ብዬው ወጣሁ።

ቤት ገብቼ ያንን ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት። ከደብተሬ መሃል ንጹሕ ወረቀት ገነጠልኩና የአባባን ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃሌ መልሼ ጻፍኩት፤ «ዓይኔ ደክሟል» የሚለውንም ሳላስቀር፣ ከትናንቱ በተሻለ ጽሕፈት። አባባ ሲገባ ቀለሙ ደርቆ ነበር። እጁን ታጥቦ፣ በሱሪው አድርቆ፣ ወረቀቱ አጠገብ ተቀመጠ።

«የት ላይ ነው የምፈርመው?»

እስክሪብቶውን አስያዝኩት፣ እጁን በእጄ ይዤ ከመስመሩ ላይ አሳረፍኩለት።

«እዚህ ጋ ነው አባባ» አልኩት።